በዋዜማው የተለበሰ ኮት

እትዬ ኢቬት እስቴብ በዕርገት ሐሙስ ጠዋት የጎረቤቶቻቸውን የመስኮት መዝጊያ ሊከፍቱ ሄደው ሬሳ አገኙ።

በተራሮች ሸለቆ ባለችው ትንሽ ከተማ በታራስኮን መዝጊያ መክፈት ትልቅ አደራ ነው። ለጥቂት ቀን ከቤቱ የሚርቅ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤት ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል፣ ሌባ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለዋል። ሌባውም የዚያው ከተማ ልጅ ነውና ዘዴው አይጠፋውም፤ ግን ማን ይተወዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል።

እትዬ ኢቬት ሳሎኑን ከፍተው ወጥ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የእማማ ኦርታንስ ጋሊን ጥቁር የእጅ ቦርሳ አዩ። የሰማንያ አንድ ዓመቷ ኦርታንስ ያለዚያ ቦርሳ ዳቦ ቤት እንኳ አይሄዱም ነበር። ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር አንዶራ ሄደዋል የተባሉት ሴትዮ ቦርሳቸውን እንዴት ረሱት? እትዬ ኢቬት መኝታ ቤቱን አዩ፤ የለም። መታጠቢያ ቤቱን አዩ፤ የለም። በመጨረሻ የምድር ቤቱን በር መቀርቀሪያ ሳቡ።

እማማ ኦርታንስ ከደረጃው ግርጌ ነበሩ። የጉዞ ኮታቸውን ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል።

*

መርማሪ ኦዲል ማርፋን ከባልደረባዋ ከካስቴራን ጋር ስትደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና አላባራም። ካስቴራን ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር የቀረው፣ ሆዱ ከቀበቶው ጋር የተጣላ ሰው ነው። በዚያ ቀን ከወንድሙ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ስለነበር ሟቿን ጭምር ተቀይሟል።

«አለቃ፣ ወድቀው ነው» አለ። «አሮጊትና ደረጃ መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?»

«በሩንስ ማን ቀረቀረው? ደረጃው?»

መቀርቀሪያው ከወጥ ቤት በኩል ብቻ የሚዘጋ ብረት ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው አይደርስበትም። ካስቴራን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋው።

የከተማው ሐኪም ከደረጃው እያለከለከ ወጣ። «ዳሌያቸው ተሰብሯል። በዚያ ብቻ ግን ሰው ወዲያው አይሞትም። የጨረሳቸው ብርዱ ነው። ከወደቁ በኋላ ለብዙ ሰዓት በሕይወት ነበሩ።»

«መቼ ወደቁ?»

«ይህ ምድር ቤት ማቀዝቀዣ በይው። ማታም ሊሆን ይችላል፣ ንጋት ላይም። እሱን የሚነግርሽ የአስከሬን መርማሪው ነው። እሱ ደግሞ ድልድይ ላይ ነው፤ ሰኞ ይመጣል።»

ድልድይ ላይ ያልነበረ ማን ነበር! ከዕርገት ሐሙስ በኋላ የምትመጣዋን ዓርብ ፈቃድ ወስዶ፣ በዓሉን ከቅዳሜና እሑድ ጋር አገናኝቶ አራት ቀን የማያርፍ ሰው በዚያ አገር የለም፤ ድልድይ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ላብራቶሪው ተዘግቷል። ከሸለቆው ሕዝብ እኩሌታው ደግሞ ተራራውን ወጥቶ አንዶራ ገብቷል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፣ ትንሽ አገር፣ ሲጋራውም ሽቶውም ርካሽ።

ኦዲልም እዚያው ልትሆን ነበር። ባሏ ቲየሪ ፍል ውኃ ያለበት ሆቴል አልጋ ይዟል፣ ለሁለት ሰው። አረጋውያን መኖሪያ ላለችው እናቷ ለፎስቲን ደግሞ ሰኞ ዕለት ደውላ «በድልድዩ ተረኛ ነኝ እማዬ፣ ልመጣ አልችልም» ብላታለች። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዋን መኪና ላይ ስትጭን ስልኩ ጮኸና ውሸቷ እውነት ሆነ። ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም።

«ና ወዲህ» አለችው ካስቴራንን። የምድር ቤቷ ትንሽ መስኮት ተሰብራለች፤ ድመት እንጂ ሰው አያስገባም። ዞረው ወደ ጓሮው ወጡ። ስብርባሪው ያለው ከውጭ፣ ሣሩ ላይ ነው። ከመሐሉ የፕሪም ማርማላታ ማሰሮ ተከስክሶ ጉንዳን ወሮታል።

«ከውስጥ የወረወሩት እሳቸው ናቸው» አለች ኦዲል። «ሰው እንዲሰማቸው።»

ካስቴራን ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣው አላነሳም።

እትዬ ኢቬት አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱና ያማርሩ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይችሉበታል።

«ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ሚሬይ ቁልፉን ያመጣችልኝ። ‹ጠዋት ክፈቺልን፣ ከሁለት ሰዓት እንዳታሳልፊ› አለችኝ። እኔ ደግሞ በዓል ነው ብዬ ተኛሁ፣ አራት ሰዓት መጣሁ። ለነገሩ ቅር ብሎኝም ነበር። በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ የአኒስ አረቄ ታመጣልኛለች። ዘንድሮ አልችልም አለች! ለአንድ ጠርሙስ! ስንት ዓመት መዝጊያቸውን ስከፍት። እና ተኛሁ። ሁለት ሰዓት ብመጣ ይተርፉ ነበር እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«አይመስለኝም» አለች ኦዲል። እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር።

*

ሚሬይና ባሏ ሬዢስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከአንዶራ ተመለሱ። ሬዢስ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ አማቱን እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰላቸው። የኦርታንስ ልጅ ሚሬይ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ጀርባዋን ለምድር ቤቱ በር ሰጥታ ተቀመጠች።

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የወጣነው፤ ኬላው ላይ ሰልፉ ሳይበዛ ለመድረስ» አለች። «እናቴም ተነሥታ ለባብሳ ነበር፤ ኮቷንም ሁሉንም። ልንወጣ ስንል ጉልበቴን አመመኝ፣ እናንተ ሂዱ አለችን።»

«እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አብረዋችሁ ሊሄዱ ነበር?»

«እስከዚያች ደቂቃ።»

«እርስዎስ ነገሩ ሲለወጥ እዚህ ነበሩ?» ኦዲል ወደ ሬዢስ ዞረች።

«መኪናውን እያሞቅሁ ነበር። ማታም ከፋብሪካ የገባሁት በአራት ሰዓት ነው፤ ሁሉም ተኝቷል። ሚሬይ መጥታ ‹እማማ አትመጣም› ስትለኝ...» ሬዢስ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሃያ አምስት ዓመት ከኋላ ወንበር ሆነው ‹ቀስ በል፣ ሬዢስ› ሲሉኝ ኖረዋል። ያን ጠዋት መንገዱን በሙሉ እየዘፈንኩ ነዳሁ።»

ሚሬይ ቀና ብላ አላየችውም።

«ቤቱን የሚያውቅ፣ የተጣላችሁት ሰው አለ?»

«ፋቢያን!» አለ ሬዢስ። «ጓሮ የሚያጭድልን። ባለፈው ቅዳሜ እማማ ከምድር ቤት የዳክዬ ሥጋ ሰርቀሃል ብለው አባረሩት። ቁልፍ የት እንደምናስቀምጥ ያውቃል።»

«ፋቢያን ሰው አይጎዳም» አለች ሚሬይ ቶሎ ብላ። «እሱን ተዉት።»

ኦዲል ይህን ልብ አለችው። ግን ደግ ሴት ናት ብላ አለፈችው።

*

ነገሩ ለካስቴራን ቀላል ነበር። ባልና ሚስት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ፤ ፋቢያን ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ገባ፤ አሮጊቷን ምድር ቤት አገኛቸው፤ ደንግጦ ቀረቀረባቸውና ሸሸ። ኮቱም ይገጥማል፣ ሰዓቱም ይገጥማል።

ፋቢያን ከወንዙ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ በአርባ ዓመቱ ሽበት የወረሰው ሰው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻ ከፈተላቸው።

«ዛሬ ንጋት ላይ የት ነበርክ?» አለው ካስቴራን።

«እዚሁ። ተኝቼ።»

«ጎረቤትህ መኪናህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስትወጣ ሰምቻለሁ ይላል። በእንቅልፍ ልብህ ነው የምትነዳው?»

ፋቢያን ላብ አጠመቀው። እማማ ኦርታንስ መሞታቸውን ሲነግሩት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ፤ ከፍራሹ ሥር የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ለኦዲል ሰጣት። የጉምሩክ ወረቀት ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ኬላው ላይ ተይዞ እስከ ቀትር ቆይቷል፤ በትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ሁለት ሺህ ሲጋራ ተገኝቶበት።

«ለአንድ ራስ ሦስት መቶ ሲጋራና አንድ ተኩል ሊትር አረቄ ነው የሚፈቀደው» አለ ፋቢያን አንገቱን ደፍቶ። «ሌላው ሰው አያቱን ከኋላ ወንበር ጭኖ ይሄዳል፣ በእሷም ድርሻ ይገዛል። እኔ እናት የለኝ፣ አክስት የለኝ፣ የምጭናት አሮጊት ከየት ላምጣ?»

ካስቴራን ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ለእማማ ኦርታንስ እንዳትነግሩ ልላችሁ ነበርኮ» አለ ፋቢያን። «ቅዳሜ አባረሩኝ፣ ማክሰኞ ሾርባ ይዘውልኝ መጡ። ‹የነሚሬይ ጋብቻ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንዶራ ላይ እራት የምጋብዛቸው እኔ ነኝ፣ ምስጢር ነው› አሉኝ። ቦርሳቸውን መታ መታ አድርገው ሳቁ።»

*

ዓርብ ቀትር ላይ ኦዲል ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ባዶ እጅ። ቲየሪ ደወለ።

«የኔ ቆንጆ፣ ሆቴሉ እስከ እሑድ ይጠብቀናል። ነገ እንኳ እንሂድ። ከፈለግሽ እናትሽንም እንውሰዳት።»

ኦዲል ልቧ ሞቅ አለ። «እውነትህን ነው?»

«ምን አለበት! ሦስት ራስ ከሆንን የወንድሜንም ውስኪ በእሷ ድርሻ እናስገባለታለን።»

«እናቴን እንደ ጠርሙስ መያዣ ነው የምታያት?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«ኦዲል? ቀለድኩ እኮ። አለሽ?»

ስልኩን ዘጋችው። ለአንድ ጠርሙስ፣ ብለው ነበር እትዬ ኢቬት። በየዓመቱ ሲመጣላቸው የኖረ ጠርሙስ። ኮቷን አነሳችና ካስቴራንን ሳትጠብቅ ወጣች።

እትዬ ኢቬት ድንች እየላጡ አገኘቻቸው።

«ጠርሙስዎ በየዓመቱ በማን ድርሻ ነበር የሚገባው?»

«በኦርታንስ ነዋ! ሬዢስ የራሱንም የሚስቱንም ድርሻ በውስኪ ይሞላዋል። ኦርታንስ አትጠጣም፤ የእሷ ድርሻ ለእኔ ነበር።»

«ረቡዕ ማታ ሚሬይ ምን አለችዎት? ቃል በቃል።»

«‹ኢቬት፣ ዘንድሮ ጠርሙሱን ይቅር በይኝ፣ ድርሻችን አይበቃም› አለችኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠችኝ፣ መዝጊያውን ክፈቺ አለችኝ። ፊቷ አንሶላ ይመስል ነበር፣ ነጭ።»

ኦዲል ነገሩን አያያዘችው። ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሚሬይ ኬላውን የሚያልፉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ታውቅ ነበር፤ እናቷ እስከ ሐሙስ ንጋት ልትሄድ ነበር ያለችው ውሸት ነው። ታዲያ ኦርታንስ ቤት የሚቀሩ ከሆነ መዝጊያውን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ጎረቤት ምን አስፈለገ? እናቲቱ አይሄዱም፤ ተነሥተውም መስኮት አይከፍቱም። ሚሬይ በአንድ ጉብኝት ሁለቱንም ተናግራለች።

«ረቡዕ ማታ የሰሙት ድምፅ አለ?»

እትዬ ኢቬት ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ሦስት ሰዓት ገደማ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። መኪና እየጫኑ ነው ብዬ... አልተነሣሁም። ትናንት ልነግርሽ አፈርኩ።» ድንቹ ላይ አለቀሱ።

*

ሚሬይ በሩን ስትከፍት የኦዲልን ፊት አየችና ወደ ኋላ ሸሸች። ሬዢስ ለቀብሩ አበባ ሊያዝ ወጥቷል።

«የእትዬ ኢቬትን ጠርሙስ ለምን ከለከሏቸው?» አለች ኦዲል።

ሚሬይ ወንበር ሳበች። «ጉምሩክ ቢፈትሸን ብዬ» አለች። «እንደዚያ ሆኜ እንኳ የፈራሁት ጉምሩክን ነው። ይገርማል አይደል?»

«ይንገሩኝ።»

«አልጋውን የያዝኩት ለሁለት ሰው ነበር። ከሦስት ወር በፊት። ሃያ አምስት ዓመታችን ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለታችን ብቻ እንሂድ አልኩ። ለእናቴ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፣ ፈርቼ እተወዋለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ኮቷን ለብሳ ሳሎን ቁጭ ብላለች። በዋዜማው! ‹ነገ እንዳላስረፍዳችሁ ብዬ ነው› አለችኝ።»

«ያኔስ ነገሯቸው?»

«አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ተነሥታ ‹የአይቡን ማቀዝቀዣ ቦርሳ ላምጣ› ብላ ምድር ቤት ወረደች። ከዚያ ስትወድቅ ሰማሁ።»

«ጠሩዎት?»

«‹ሚሬይ፣ ነይ አንሺኝ፣ ነገ ከመንገድ እንዳላስቀራችሁ› አለች።» ሚሬይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ነበር። ከወረድኩ አምቡላንስ ነው፣ ሆስፒታል ነው፣ ጉዞው ቀረ። ድምፅዋ የሚሞት ሰው ድምፅ አልነበረም። አምስት ደቂቃ ልቆይ አልኩ። ከዚያ እንዳልሰማት በሩን ቀረቀርኩት። ከዚያ አንድ ሌሊት ብቻ አልኩ። ኢቬት በጠዋት ታገኛታለች፣ ይደውሉልኛል፣ እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ ማን ያውቅብኛል?»

«ቦርሳቸውስ?»

«ኢቬት እንድታየው እኔ ነኝ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት።»

«ማርማላታውን ሲወረውሩ ሰምተዋል?»

ሚሬይ የምድር ቤቱን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው።

«ሬዢስ መኪና እየጫነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት» አለች። «ሬዢስ ገና ፋብሪካ ነበር።»

ኦዲል ስለ እራት ግብዣው ልትነግራት አስባ ነበር። በቦርሳው ውስጥ በፖስታ ታሽጎ የተገኘውን ብርም፣ ላዩ ላይ «ለእራታችሁ» የሚለውን ጽሑፍም። ከዚያ ተወችው። የምርመራ ሰነዱ ውስጥ ስላለ ሚሬይ አንድ ቀን ታነበዋለች፤ ኦዲል በዚያች ሰዓት ከአፏ ልታወጣው አልደፈረችም። ሹራቧን አቀበለቻትና አብረው ወጡ። ሚሬይ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ቤቱን አየች።

«መዝጊያዎቹ» አለች። «ማን ይዘጋቸዋል?»

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦዲል ወደ አረጋውያን መኖሪያው ወጣች። ቲየሪ አብሬሽ ልምጣ ቢላትም እምቢ አለችው።

ኮሪደሩ ላይ አስታማሚዋ አገኘቻት። «እንኳን መጣሽ! እናትሽ ከሐሙስ ጀምሮ አስቸገሩን። ጠዋት ሲነሡ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ እስኪተኙ አያወልቁም።»

ፎስቲን መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሰማያዊውን ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ልጇን ስታይ ልትነሣ ወንበሩን ተደገፈች።

«ተረኛ አልነበርሽም? እኔማ ድልድይ ነው አሉኝ፤ ምናልባት ሥራው ቢቀርባት፣ ምናልባት ብቅ ብትል ብዬ ነው። እንዳላስቆምሽ ብዬ።»

ኦዲል በቆመችበት ቀረች። ሦስት ቀን የሌላ ሰው ውሸት ስታሳድድ ቆይታ፣ የራሷ እዚህ ኮት ለብሶ ሲጠብቃት ነበር። እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሰኞ ስደውልልሽ ተረኛ አልነበርኩም። ከቲየሪ ጋር አንዶራ ልሄድ ነበር። አልጋው ለሁለት ሰው ነበር።»

ፎስቲን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የኮቷን ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ መፍታት ያዘች።

«ለሁለት ቢሆን ምን ክፋት አለው፣ ልጄ» አለች። «ብቻ ብትነግሪኝ ኖሮ ኮቴን አልለብስም ነበር።»